ደመወዝ እስኪጨመር ልጆቹ ያድጋሉ

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እሑድ ዕለት፣ ወንድሜ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ሊያዝናና ቆርጦ ተነሣ። "አንቺም ነይ" አለኝና ሄድኩ። ልጆቹ ከቅዳሜ ጀምሮ እንቅልፍ አልነበራቸውም። ትልቁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ስድስት።

የሄድነው ሰፊ ግቢ አለው ወደሚባል ካፌ ነው። በርገር ታዘዘ፣ ፒዛ ታዘዘ፣ ጁስ ታዘዘ፣ ለአዋቂዎቹ ማኪያቶ። ወንድሜ ስልኩን አወጣ። ሚስቱ የልጅቷ ነጭ ቀሚስ ካቻፕ እንዳይነካው ስትጠብቅ ዋለች። ልጆቹ በአየር የተነፋው መዝለያ ላይ ወጡ፤ ገና ፊታቸው መፍካት ሲጀምር "ሰዓታችሁ አልቋል" ተባሉና ወረዱ። ሒሳቡ መጣ፦ 3,400 ብር። ወንድሜ ደረሰኙን ሦስት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ሳቀ። ሳቅ አይደለም ግን።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ "በቃ፣ ከዚህ በኋላ ለፋሲካ ነው" አለ። ትንሿ ወዲያው "አባዬ፣ ፋሲካ ስንት ቀን ቀረው?" አለችው። መልስ አልነበረውም።

እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እኔ የምለው፣ ከልጆች ጋር ከቤት መውጣትን ማነው ዋጋ የለጠፈበት? "መዝናናት" ስንል ለምንድነው "መግዛት" ማለታችን የሆነው? እናንተዬ፣ ልብ ብላችሁ ስሙን። "ቤተሰቤን ላዝናና" የሚል ሰው ቀጥሎ የሚያስበው "የት እንሂድ" ሳይሆን "ስንት ይዣለሁ" ነው። ያልያዘ ደግሞ አይወጣም። ደመወዝ እስኪጨመር ይጠብቃል። ደመወዙ አንድ ቀን ይጨመር ይሆናል። ልጆቹ ግን እስከዚያ ቆመው አይጠብቁም፣ ያድጋሉ።

አባቴን ያወቅሁት ዳገት ላይ ነው

አባቴ መካኒክ ነበር። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጋራዥ፤ እሑድም ቢሆን የተበላሸ መኪና ከመጣ ጋራዥ። እቤት ሲገባ ዝም የሚል ሰው ነው። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ቃል ስለሚያልቅበት ይመስለኛል። ራቱን ይበላል፣ ዜና ይሰማል፣ ይተኛል። በልጅነቴ ከአባቴ ጋር ቤት ውስጥ ያወራነውን አስታውሺ ብትሉኝ ከ"አጥንተሻል?" በላይ ብዙ አልደርስም።

ግን በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በዓመት ምናልባት ሦስት ወይ አራት ጊዜ፣ መኪና ያልመጣበት እሑድ ሲገኝ እንጦጦ ይወስደን ነበር። እስከ ሽሮ ሜዳ በታክሲ፣ ከዚያ በእግር። እናቴ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች፣ በወረቀት የተጠቀለለች ሚጥሚጣና ሻይ በፔርሙስ ትሰጠናለች። አባቴ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል፤ ላይ ስንደርስ ያው ጋቢ ምንጣፋችን ይሆናል።

ያ ዝምተኛ ሰው ዳገቱን ሲጀምር አፉ ይከፈታል። "ይሄ ባሕር ዛፍ አገር በቀል እንዳይመስላችሁ፣ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው" ይለናል። እንጦጦ ማርያም ስንደርስ፣ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚህ መሆኑን፣ ከተማዋ ወደ ፍልውሃው የወረደችውም ከዚህ ከብርዱ ላይ መሆኑን ይነግረናል። ከተማዋን ቁልቁል እያሳየ "ጋራዡ የቱ ጋ ነው? እስቲ ቤታችንን ፈልጉ" ይላል። አግኝተነው አናውቅም። ሁሌ ግን እንፈልጋለን።

አንድ ቀን ጀርባቸው ላይ ከእነሱ ቁመት የሚበልጥ የባሕር ዛፍ ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች ቁልቁል መጡ። እንጦጦን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃቸዋል። እኛ መንገዱን ዘግተን ስንላፋ አባቴ ክንዳችንን ይዞ ወደ ዳር ሳበንና "ሸክም ላለው ሰው መንገድ ይለቀቃል" አለን። እነሱ እስኪያልፉም ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

አባቴ ከሞተ አራት ዓመት ሆነው። ጫማ ገዝቶልኛል፣ ትምህርት ቤት ከፍሎልኛል፣ ምስጋናዬ ብዙ ነው። ዛሬ "አባቴ ማን ነበር?" ተብዬ ብጠየቅ የማወራው ግን ስለዚያ ዳገት ነው። ለዚያ ዳገት የወጣው ወጪ ደግሞ የታክሲ ሒሳብና አንድ ኪሎ ድንች ነበር።

"ብር የለም"

አውቃለሁ፣ ኑሮ ተወዷል። "ድንች ቀቅለህ ውጣ" ማለት ለተቸገረ ሰው መቀለድ እንዳይሆንብኝ እሰጋለሁ። ስለዚህ በግልጽ ልናገር፦ ይህን የምጽፈው ድንቹን መግዛት ላቃተው ሰው አይደለም። ለእሱ ሌላ ጽሑፍ፣ ከዚያም በላይ ሌላ መንግሥታዊ መፍትሔ ያስፈልገዋል። የምጽፈው እንደ ወንድሜ ላለው ነው፤ በሁለት ወር አንዴ 3,400 ብር ከፍሎ በቀሪዎቹ ሰባት እሑዶች ልጆቹን ቴሌቪዥን ፊት ለሚያስቀምጠው።

የእሱ ችግር ይሉኝታም አለበት። ምሳ ዕቃ ይዞ ሜዳ ላይ መቀመጥ የድህነት ምልክት ይመስለዋል። "ሰው ምን ይለናል? ካፌ መግባት አቅቷቸው ነው አይሉም?" ይላል። ይገርመኛል። ለጥምቀት ጃንሜዳ ስንወጣ ማነው ሜኑ የጠየቀ? ለንግሥ ስንሄድ ዳቦና ጠላ የሚይዝ ሰው ያፍራል እንዴ? ለኢድ ሰላት ስታዲየም የሚወጣው ቤተሰብ፣ አባት ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ አዲስ ልብስ ለብሶ ሲሄድ፣ ደስታውን ከየትኛው ካፌ ገዛው? አባቶቻችን ከቤት ውጭ፣ በሣር ላይ፣ ከነቤተሰባቸው መዋልን ያውቁበታል። እኛ ነን በዓል ካልሆነ ያፈርንበት።

ጨዋታውስ? ሰኞ ማክሰኞ ለመጫወት አንድ ቁራጭ ጠመኔ ይበቃል፤ እሱም ከጠፋ ድንጋይ። ገበጣ ለመጫወት መሬት ላይ ጉድጓድ መቆፈርና ጠጠር መልቀም ነው። ገበጣ የሚጫወት ልጅ መቁጠርም፣ ማሰብም፣ ወደፊት ማየትም ይማራል። የወንድሜ ልጅ በስልክ ላይ የሚጫወታቸውን ሃያ ጌሞች ስም ይጠራል፤ ገበጣን ግን አያውቀውም። ማን አሳየው? እኔም አላሳየሁትም።

"ጊዜ የለም"

እዚህ ጋ ወንዶቹ እንዳትቆጡ። የአገራችን አባት የሚዝናናው ብቻውን ነው። ብቻውን ስል ከጓደኞቹ ጋር ማለቴ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ለእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ዘጠና ደቂቃ አለው። ባለቀ ሰዓት ለሚጨመረውም አለው፣ ለክርክሩ ደግሞ ሌላ ሁለት ሰዓት። ይገባዋል፣ ሳምንቱን ሙሉ የደከመ ሰው ነው። ግን "ጊዜ የለኝም" ሲል ልጆቹ ይሰማሉ፣ ጊዜ ለማን እንዳለውም ያያሉ። ልጅ ሞኝ አይደለም።

ለእናቶቹስ? ይሄን ሳልናገር ባልፍ ሴት ጓደኞቼ አይለቁኝም። እሑድ ለብዙዎቹ እናቶቻችን የዕረፍት ቀን ሆኖ አያውቅም፤ የልብስ አጠባ፣ የእንጀራና የወጥ ቀን ነው። ታዲያ "በርካሽ እንዝናና" ብለን ምግቡን ከቤት ይዘን ስንወጣ፣ እሷ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ ከቀቀለች፣ ከጠበሰች፣ ከሸከፈች፣ ስንመለስም ዕቃውን ካጠበች፣ የተዝናነው እኛ ነን፤ እሷማ ተጨማሪ ሥራ አገኘች። የአባቴንም ጉዞዎች ሳስብ ይሄ ይከነክነኛል። እናቴ ድንቹን ቀቅላ ትልከናለች እንጂ እንጦጦ ከእኛ ጋር የወጣችው ስንቴ ነው? በእጄ ጣቶች ቆጥሬ ጣት ይተርፈኛል። ስለዚህ የኔ ሕግ ይኼው፦ ድንቹን ወንዱ ይቀቅል። ድንች መቀቀል ከባድ አይደለም፤ ውሃ፣ ጨው፣ እሳትና ትዕግሥት ነው።

"ቦታ የለም"

ይሄኛው ሰበብ ግማሹ እውነት ነው።

እውነት ያልሆነውን ግማሽ ልጀምር። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ተራራ ከጀርባው የቆመለት የከተማ ሰው "የምሄድበት የለም" ሲል ተራራው ይታዘባል። እንጦጦ በ2013 ዓ.ም. ፓርክ ሆኖ ከተከፈተ ወዲህ መንገዱም፣ መቀመጫውም ተሻሽሏል። ከእሱ ጎን የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አለ። ከ700 ሄክታር በላይ ነው፤ አገር በቀል ዛፎቻችንን ለልጅ በስም እየጠሩ ማሳየት ለሚፈልግ ወላጅ ከዚህ የተሻለ ክፍል አይገኝም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ በተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ላይ ማታ ማታ ብትሄዱ አባት፣ እናት፣ ልጅ፣ ጋሪ የሚገፋ ሁሉ ታያላችሁ። ደስ ይላል። በ2011 ዓ.ም. "መንገድ ለሰው" ተብሎ ዋና ዋና መንገዶች ለአንድ ጠዋት ከመኪና ነጻ መሆን ሲጀምሩስ? ልጆች አስፋልቱ መሐል ኳስ ሲጫወቱ አይታችኋል? እኔ አይቻለሁ። አስፋልቱን እኮ ማንም አልሸጠላቸውም፤ መኪናው ዞር አለላቸው፣ በቃ።

እውነት የሆነው ግማሽ ደግሞ ይኼ ነው። ከአዳዲሶቹ ፓርኮች በር ላይ የሚያስከፍሉ አሉ። አንድ ሰው ሲገባ ትንሽ የሚመስለው ክፍያ በአምስት ሲባዛ የቤተሰብ ወጪ ይሆናል። ሌላም አለ። ለእነዚያ ውብ መንገዶች ሲባል ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሡ ብዙ ቤተሰቦች ዛሬ የሚኖሩት ከከተማዋ ዳር ነው። ቤታቸው በነበረበት ቦታ ላይ ለመንሸራሸር ሁለት ሦስት ታክሲ መያዝ አለባቸው። የቀድሞ ሰፈራቸው ሜዳ ድንጋያማና አቧራማ ቢሆንም ከደጃቸው ነበር፤ ልጁ እናቱ ስትጠራው ይሰማ ነበር።

ወንድሜ የሚኖርበት ኮንዶሚኒየም ግቢውን አውቀዋለሁ። ሲሠራ መሐሉ ላይ ለልጆች የተተወ ክፍት ቦታ ነበረው። አሁን መኪና ቆሞበታል። ልጆቹ በመኪኖቹ መሐል ኳስ ሲጫወቱ መስኮት ይከፈትና "መኪናዬን!" የሚል ጩኸት ይሰማል። ኳሷ ትወረሳለች፣ ልጆቹ ወደ ፎቅ ይወጣሉ፣ በሩ ይዘጋል።

ስለዚህ ለከተማችን ሹማምንት አንድ ቃል አለኝ። ትልቁ ፓርክ ጥሩ ነው፣ እንኳን ተሠራ። ግን ለቤተሰብ የሚጠቅመው ሜዳ በዓመት አንዴ ፎቶ የሚነሱበት ብቻ አይደለም፤ በየሳምንቱ በእግር የሚደረስበት፣ በር የሌለው፣ ትኬት የማይቆረጥበት ሜዳ ነው። በየሰፈሩ አንድ እንዲህ ያለ ቦታ ይከለል። በኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ሹም አትጠብቁ። ለእሑድ ግማሽ ቀን መኪኖቻችሁን አንድ ጎን አሰልፉና መሐሉን ለልጆቹ ልቀቁላቸው። ይሄ በጀት አይጠይቅም፣ አንድ ስብሰባ ይበቃዋል።

ፀሐይ ለማን ነው?

ሕፃን ሲወለድ ምን እናደርጋለን? ጠዋት ጠዋት ቅባት ቀብተን ፀሐይ እናሞቀዋለን። አያቶቻችን ቫይታሚን ዲ የሚባል ስም ሳያውቁ፣ ፀሐይ ያላገኘ ልጅ አጥንቱ እንደማይጠነክር ያውቃሉ። ታዲያ ያ ልጅ አድጎ መሮጥ ሲችል ለምንድነው አራተኛ ፎቅ ላይ የምንቆልፍበት?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ላብ ላብ የሚያሰኝ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። የእናንተ ልጅ ትናንት ስንት ደቂቃ ሮጠ? ዓይናቸውስ? ቻይና ውስጥ፣ ጓንግጁ ከተማ፣ በ12 ትምህርት ቤቶች የአንደኛ ክፍል ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት ነበር፤ ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ግማሾቹ ትምህርት ቤቶች በየትምህርት ቀኑ ልጆቹን ተጨማሪ 40 ደቂቃ ውጭ አዋሏቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ውጭ ከዋሉት 30 ከመቶ ገደማ የሩቅ ማየት ችግር ሲይዛቸው፣ እንደወትሮው ከቀጠሉት ደግሞ 40 ከመቶ ገደማ ያዛቸው። አርባ ደቂቃ ብቻ ነው እንግዲህ። መነጽር ስንት እንደሚሸጥ የምታውቁ አስሉት።

የጥንቃቄ ነገርም አልረሳሁም። ጫካ ውስጥ ብቸኛ መንገድ አትግቡ፤ ሰው በሚሄድበት፣ በቀን፣ ቢቻል ሁለት ሦስት ቤተሰብ ሆናችሁ ውጡ። በክረምት ዝናቡ የሚበረታው ብዙ ጊዜ ከሰዓት ስለሆነ ጠዋቱን ተጠቀሙበት። ለእንጦጦ ብርድ ሹራብ ያዙ። የያዛችሁትን ፌስታል ደግሞ መልሳችሁ ይዛችሁ ውረዱ፣ እባካችሁ።

ድንቹ አልበሰለም ነበር

ይህን ሁሉ ለወንድሜ ነገርኩት። ተጨቃጨቅን። "አንቺ ልጅ የለሽ፣ ወሬው ይቀላል" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ልጅ የለኝም። ግን ባለፈው እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደወለ። "ድንች ስንት ደቂቃ ነው የሚቀቀለው?"

ሄድን፣ እንጦጦ። ሚስቱ ባዶ እጇን፣ እንደ እንግዳ፣ ከፊት ከፊት ሄደች። ድንቹ መሐሉ አልበሰለም ነበር፤ በላነው። ትልቁ ልጅ አንድ ዛፍ እያሳየ "ይሄ ምንድነው?" ሲለው ወንድሜ አላወቀም፣ "ጽድ ሳይሆን አይቀርም" ብሎ ሸወደው። ትንሿ ግማሽ መንገድ ላይ "እግሬን አመመኝ" ብላ አለቀሰችና ትከሻው ላይ ወጣች። ፍጹም ቀን አልነበረም።

ግን እየተነፋፋን ስንወጣ አንዲት የስፖርት ቱታ የለበሰች ልጅ በሩጫ አለፈችን። ወንድሜ ቆሞ አያት። ከዚያ ለልጁ "አያትህ እኮ ሯጭ መሆን ይፈልግ ነበር። እዚህ ጋ ነው የነገረኝ። ጫማ መግዛት ስላልቻለ ነው ጋራዥ የገባው" አለው።

እኔ ደንግጬ ቆምኩ። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ የአባቴ ልጅ ነኝ፣ ይሄን ግን አላውቅም ነበር። አባባ ለወንድሜ ብቻ፣ አንድ እሑድ፣ እኔ ወደኋላ ስቀር ነግሮት ኖሯል። ወንድሜም ለሃያ ዓመት አልነገረኝም፤ "አልጠየቅሽኝማ" አለኝ። እቤት ተቀምጠን፣ ካፌ ተቀምጠን፣ በየበዓሉ ተገናኝተን ስንቴ አውርተናል። ወሬው ግን እዚያ ዳገት ላይ ነበር የቀረው።

የወጣው ሒሳብ የአምስት ሰው ታክሲ፣ ድንች፣ ዳቦ፣ ሻይ ነው። ሌላ ወጪ የለም።

እስቲ እናንተም ንገሩኝ። በየሰፈራችሁ ሳይከፈል የሚዋልበት ቦታ የቱ ነው? ከወላጆቻችሁስ ጋር በእግራችሁ የሄዳችሁበት መንገድ ትዝ ይላችኋል? ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉ ደግሞ የፊታችን እሑድ ይዛችኋቸው ውጡ፣ ዳገቱ ከከበዳቸው ሜዳውን። ያልጠየቃችኋቸው ነገር ይኖራል።

ቸር እንሰንብት።